ጤናችን፦ አልድን ያለ ቁስል

ዛሬ ስለ ቆዳ ካንሰር እናነባለን። «እሱማ የነጮች በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። በነጮች ላይ መብዛቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቁር ሰውንም ይይዛል። የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በ1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ የቆዳ ካንሰር ነው።

በእኛ ላይ ብዙ ጊዜ የት ይወጣል? ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ይወጣል። በቆየ የእሳት ጠባሳና ለዓመታት ባልዳነ ቁስል ላይም ይነሣል። ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ስለማያም ሰው ይንቀዋል።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን እግራችሁን ታጠቡ። ብርሃን ባለበት ተቀመጡ። ውስጥ እግራችሁን፣ የጣቶቻችሁን መሐልና ጥፍራችሁን እዩ። ጀርባን ባልና ሚስት ይተያዩ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. በአንድ ወር ውስጥ ያልዳነ ቁስል፤
2. እንደገና የቆሰለ፣ ጠርዙ ያበጠ፣ የሚደማ ወይም የሚሸት ጠባሳ፤
3. የሚያድግ፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ፣ ይልቁንም ከእርሳስ ውፍረት ከበለጠ፤
4. በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር።

ይህ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በብረት አትተኩሱት፤ በምላጭ አትቁረጡት፤ ቅጠል አታስሩበት።

ያልተለወጠ ነጥብ ካላችሁስ? እዚህ ላይ ደብተራችሁ ይጠቅማል። ቀኑን ጻፉ። ነጥቡን በክር ለክታችሁ በክሩ ልክ መስመር አስምሩ። በወሩ እንደገና ለኩ። መስመሩ ከረዘመ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።

ቆዳቸውና ጸጉራቸው ነጥቶ የተወለዱ ወገኖቻችንን ደግሞ ፀሐይ ክፉኛ ይጎዳቸዋል። ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ይልበሱ። ፊታቸውን፣ ጆሯቸውንና አንገታቸውን ዘወትር ይዩ።

በሽታው ቶሎ ከተደረሰበት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ይድናል። ከዘገየ ግን ወደ ብሽሽት፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይዛመታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

ያነበበ ላላነበበ ጎረቤቱ ያንብብለት።