ጉና የወለደው ሜዳ

የደራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አንበሳሜ አነስተኛ ከተማ ናት። አቀማመጧ ግን በብዙ ቦታ የማይገኝ ነው። በስተምዕራብ ጣና፣ በስተሰሜን ከጉማራ ወንዝ ማዶ እስከ ወረታና ከዚያም አልፎ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በስተምሥራቅ የጉና ተራራ፣ በስተደቡብ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ይገኛሉ። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚታየው 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው።

መልክዐ ምድሩ በአንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከከርሠ ምድር የወጣው ቅልጥ ድንጋይ ተደራርቦ ደጋውን ሠራ። ጉና ከዚያ በኋላ የተነሣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ጣናም ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ የተኛ ሆኖ፣ በኋላ ዘመን የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ በስተደቡብ መውጫውን ስለገደበው ውኃው ሊጠራቀም ችሏል። ሜዳውን ያነጠፉት ግን ርብና ጉማራ ናቸው። ሁለቱም ከጉና እየተነሡ ያመጡትን አፈር ከሐይቁ ዳር ሲያራግፉ ኖረዋል። እንግዲህ የፎገራ ገበሬ የሚያርሰው ዋልካ የጉና አፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአካባቢው ሕዝብ በዚህ ልዩነት መጠቀምን የተማረው ከባለሙያ አይደለም። ክረምት ሲገባ ሜዳው በውኃ ስለሚሸፈን ከብቱ ወደ ተረተሩ ይወጣል፤ ዝናቡ አባርቶ ውኃው ሲጎድል መንጋው ተመልሶ ለምለሙን ሣር ይግጣል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የዚህ ምልልስ ልጅ ናት። የጣና ዳር ገበሬ ደግሞ ሐይቁ እየሸሸ በለቀቀው እርጥብ መሬት ላይ ይዘራል፤ እርሻውንም ባሕር ሸሽ ይለዋል። ከፍ ሲል ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ፣ ከዚያም በላይ በጉና ደረት ላይ ገብስና ድንች ይበቅላል። ከሁሉም በላይ አስታና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። የአንዱ ሰብል ሲጎድል የሌላው ይደርሳል፤ ገበያም ያገናኛቸዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ጠዋት በሩን ሲከፍት ተራራውንም ሜዳውንም የሚያይ ገበሬ፣ ለዓይኑ ያገኘው ዕረፍት በኩንታል ባይሰፈርም እንደ ሀብት ሊቆጠርለት ይገባል።

ኑሮው ሁሉ ተድላ ነው ማለት ግን አይደለም። ሜዳው ወባ አለበት። በ1998 ዓ.ም ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀላቸው አይዘነጋም። ይኸው ውኃ የሚተኛበት መሬት በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ከተሞከረበት ወዲህ መልኩ ተለውጧል። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። ለረጅም ዘመን ጎርፍ ሰብሉን ሲያበላሽበት ለኖረ ገበሬ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ሩዙን የሚነቅፍ ቢኖር ያን ዘመን የረሳ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሩዙ የገባው በባዶ መሬት ላይ አልነበረም። አብዛኛው የፎገራ ላም ትግጥበት የነበረው ሜዳ ነው። ከሰሜን የሚመጡ ወፎች የሚከርሙባቸው የሸሸርና የወላላ ረግረጎችም እየታረሱና ውኃቸው በሞተር እየተሳበ ጠበዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ ዳርቻውን አስጨንቆታል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቁልቁለቱ ያለ እርከን ይታረሳል። ታጥቦ የሚወርደው ደለል የወንዞቹን ሆድ ስለሚሞላ፣ ውኃው ዳር ሰብሮ ይወጣል። ሜዳውን የሠራው አፈር መጠኑን ሲያልፍ ሜዳውን የሚያጠፋ ሆኗል።

ታዲያ ችግሩ ከእውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። የጉማራ ውኃ ፋርጣን፣ እስቴን፣ ደራንና ፎገራን አያይዞ ሲፈስ፣ የየወረዳው ዕቅድ ግን ከድንበሩ ላይ ይቆማል። የእርከን ዘመቻ ሲታወጅ የፋርጣ ገበሬ በገዛ ጉልበቱ የሚያቆመው አፈር የፎገራን ማሳ ከጎርፍ የሚያድን ነው፤ ለዚህ ግን የሚከፍለው ሰው የለም። ቁልቁለቱን ለሣርና ለመኖ የለቀቀ ገበሬ በዚያ ዓመት ያጣውን እህል ማን ይተካለታል? የሜዳው የሩዝ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከገቢያቸው ጥቂት ለደጋው ቢያወጡ፣ ወይም በጥርና በየካቲት ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ላይ ቢወጡ፣ ሥራው ለራሳቸው ማሳ የሚሠራ ነው። የፎገራን ላም በተመለከተ ደግሞ የቀረው የወል ግጦሽ በየቀበሌው ተለክቶ ድንበር ሊተከልለት የሚገባው ቀሪው ሳይታረስ ነው።