ደንገሉ ከታጨደ ጉማሬው ወዴት ይሂድ?

ፈረንጆች ክረምት የሚሉት ወራት ለእኛ ደረቁ በጋ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሥፍራ በማለዳ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ብዙ ያያል። የአውሮፓና የሰሜን እስያ ብርድ ያባረራቸው ወፎች ከእኛዎቹ ሻላና ዓሣ አጥማጅ ንስር ጋር ተቀላቅለው በዳርቻው ይሰማራሉ። አርጃኖ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። በሞተር ጀልባ ለሚመጣ ግን ይህ ሁሉ ገና ከሩቅ ብን ብሎ ይጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው ጉማሬው ነው። ቀን ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ይውላል። የሚያውቅ ቀዛፊ ራቅ ብሎ ያልፋል እንጂ ግልገል በያዘች እናትና በጥልቁ ውኃ መካከል አይገባም። ጀንበር ስትጠልቅ ጉማሬው ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ያህል ሊበላ ይችላል። ጎብኚው ይህን ሲሰማ ይደነቃል፤ የዳርቻው ገበሬ ግን የሚያስበው ስለ በቆሎ ማሳው ነው። የወራት ድካሙ በአንድ ሌሊት ተረጋግጦ ያደረበት ሰው ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነገረው ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የጉማሬው ብቻ አይደለም። በዳርቻው የነበረው ደንገል በእሳትና በማጭድ እየተመናመነ፣ ባሕር ሸሹም መሬት እስከ ውኃው አፋፍ እየታረሰ ነው። ከውኃ ሲወጣ የመጀመሪያ እርምጃው ሰብል ላይ ካረፈ እንስሳው ሌላ ምን ይብላ? ደንገል ደግሞ የጉማሬ መጠለያ ብቻ አይደለም። ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ያስቀራል፤ ለዓሣ መጠጊያ ይሆናል፤ ታንኳውም የሚሠራው ከእርሱ ነው። ታንኳ ውኃ ስለሚመጥ ዕድሜው አጭር ነውና ሠሪው ዘወትር አዲስ ደንገል ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭ በዚህ ላይ የተጨመረ መከራ ነው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ምዝገባ ግን ማሳ አይጠብቅም። በእኔ አስተያየት ከውኃው አፋፍ ጀምሮ የማይታረስ የደንገልና የሣር መቀነት በየቀበሌው ገበሬዎቹ ራሳቸው ተመካክረው ሊለዩ ይገባል። መሬት የጠበበው ገበሬ ይህን በነፃ ይልቀቅ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ መሬቱን የለቀቀው ደንገሉን በተራ እያጨደ ለታንኳ ሠሪና ለምንጣፍ ሠሪ እንዲሸጥ መብቱ ይሰጠው። ጉማሬ ሰብሉን ላጠፋበትም ከጎብኚዎች ከሚሰበሰበው ገንዘብ ካሳ ይከፈለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ጎብኚ በመቀነሱ ይህ ገንዘብ ዛሬ ብዙ እንደማይሆን አይጠፋኝም። መቀነቱን መለየት ግን ጎብኚ አያስጠብቅም።

ባሕር ሸሹ የሚታረሰው ከክረምቱ ሙላት በኋላ ውኃው ሲጎድል ነው። ገበሬው ዘሩን ከበተነ በኋላ ስለ ወሰን መነጋገር ጠብ ይሆናል፤ ምክክሩ ውኃው ገና ሳይሸሽ ይደረግ።