ባህላችን፦ ክራር በጭብጨባ ይለመዳል

አያቴ እዚህ ጋዝጊብላ ክራር ይመቱ ነበር። ማታ ማታ የሚመቱት አንድ ዜማ ነበር። እኔም «ኋላ እማረዋለሁ» እያልሁ ቆየሁ። አያቴ ዐረፉ። ክራሩ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያንን ዜማ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

ሌላው ዜማ እንዳይጠፋ እንማር። እንዴት?

መጀመሪያ ክራሩ ይቃኝ። የክራር ክር አምስት ወይም ስድስት ነው። ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። አምስቱ ክር አምስቱን ድምፅ ይይዛል። ስድስተኛ ክር ካለ፣ ከአምስቱ አንዱን አቅጥኖ ይደግማል።

ሁለተኛው ጭብጨባ ነው። በሠርግ ቀን አጨብጫቢ ሞልቷል። በሥራ ቀን ግን ለጀማሪ ማን ያጨበጭብለታል? ስለዚህ ጭብጨባውን በስልክ እንቅዳ። ዱሮ በቴፕ ይቀዳ ነበር። ዛሬ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይበቃል።

ማታ ቤተ ሰብ ሲሰበሰብ አንዱ ከበሮ ይምታ። ከበሮ ከሌለ ባዶ ጀሪካን ይሆናል። ሌሎቹ ያጨብጭቡ። ስልኩን ከከበሮው ራቅ አድርጉት። ከተጠጋ ጭብጨባው አይሰማም። ሦስት ጊዜ ቅዱ። አንደኛው ዝግ ያለ ይሁን። ሁለተኛው መካከለኛ ይሁን። ሦስተኛው እንደ ሠርግ የፈጠነ ይሁን።

በማግሥቱ ዝግ ያለውን ክፈቱ። ክሩን አንድ በአንድ ደርድሩ። ጣት ቢሳሳት አታቁሙ። ምቱን ጠብቃችሁ ግቡ። ጀማሪ ሲከብደው ይዘገያል፤ ሲቀለው ይሮጣል። የተቀዳ ጭብጨባ ግን አይዘገይም፣ አይሮጥም። ስሕተታችንን ወዲያው ያሳየናል። ዝግ ያለው ሳይለመድ ወደ ፈጣኑ አትሂዱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በሰፈራችሁ ክራር የሚመቱ ሽማግሌ ካሉ ዛሬውኑ ሂዱ። ፈቃድ ጠይቁና ዜማቸውን ቅዱ። ጣታቸው ክሩን እንዴት እንደሚይዝ ተመልከቱ። የድምፅ ቅጂ ድምፁን ይይዛል እንጂ ጣቱን አያሳይም።

ስልክም ይሰበራል፤ ይጠፋልም። እናንተ ግን አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። የዜማውን ስም፣ ቅኝቱን፣ ግጥሙንና ያስተማራችሁን ሰው ስም በደብተር ጻፉ። ግጥሙ በኽምጣንጋ ቢሆንም በፊደላችን ይጻፋል።

እኔ የአያቴን ዜማ አልጻፍሁም፤ አልቀዳሁም። እናንተ እንደኔ አትሁኑ።

ተወያዩበት፦
1. በሰፈራችሁ ክራር የሚመታ ማን አለ?
2. ከእሱ የተማረ ሰው አለ?
3. ጭብጨባው መጀመሪያ ዝግ ብሎ የሚቀዳው ለምንድን ነው?