የምንከራየው ቤት ምን ላይ ቆሟል?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ወገናቸው ደኅንነት ተጨንቀው ሰንብተዋል። ጭንቀቱ ተገቢ ነበር። ይሁንና በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩት ራሳቸው የሚያድሩበት መሬት ከዚያ ለሚበልጥ ኃይል የተጋለጠ መሆኑን ስንቶቹ ያስባሉ?

በሁለቱም ስፍራዎች የሚንቀሳቀሱት ፕሌት የሚባሉት ግዙፍ የምድር ንጣፎች ናቸው። በስምጥ ሸለቋችን ንጣፎቹ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በክፍተቱም ቅልጥ ዐለት ሰርጎ ይገባል። በካሊፎርኒያ ግን የፓስፊክና የሰሜን አሜሪካ ንጣፎች ጎን ለጎን እየተፋተጉ በዓመት ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይተላለፋሉ። ዐለቱ በፍትጊያ ተይዞ ሲቆይ እንደ ተለጠጠ ቀስት ጉልበት ያጠራቅማል፤ መያዣው ሲለቅ የዘመናት ጉልበት በሰከንዶች ውስጥ ይወጣል። ይህን ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመውን መንቀጥቀጥ መርምሮ ነው።

ኦክላንድን አቋርጦ የሚያልፈው የሄይዋርድ ስንጥቅ ለመጨረሻ ጊዜ ከባድ መንቀጥቀጥ ያስከተለው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅም የካላቬራስ ስንጥቅ ይገኛል። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ባወጣው ስሌት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2043 ባሉት ዓመታት መጠኑ 6.7 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ የመድረሱ ዕድል 72 በመቶ ነው። ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም። በማኅበራዊ መገናኛ ቀን ቆርጠው የሚናገሩ ሰዎች ሳይንሱ ራሱ የሌለውን ዕውቀት እናውቃለን እያሉ ነው።

እኛ ልናውቀው የሚገባው ቤታችንን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1989 የደረሰው የሎማ ፕሪየታ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.9 ነበር። መነሻው ከሳን ሆዜ ወደ 30፣ ከምዕራብ ኦክላንድ ደግሞ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሆኖም ከሞቱት 63 ሰዎች መካከል 42ቱ ያለቁት ሩቅ በሆነችው በኦክላንድ፣ ባለ ሁለት ደርቡ የሳይፕረስ አውራ ጎዳና ሲደረመስ ነው። ከሥሩ የነበረው ለስላሳ የባሕር ጭቃ ንዝረቱን አጎላው፤ የምሰሶዎቹ መጋጠሚያዎችም በቂ ብረት አልነበራቸውም። ጠንካራ መሬት ላይ የተሠራው የዚያው መንገድ ክፍል ግን ሳይወድቅ ቀርቷል።

ይኸው ድክመት በመኖሪያ ቤቶችም አለ። ምድር ቤታቸው ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለሱቅ ክፍት የተተወ፣ በቀጫጭን ምሰሶዎች የቆሙ አሮጌ የእንጨት አፓርታማዎች በየሰፈሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ ኖርዝሪጅ እንዲህ ያለ አንድ ሕንፃ ተደርምሶ 16 ነዋሪዎች ሞተዋል። ኦክላንድ በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ከ1991 በፊት የተሠሩና 5 ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያዎች ያሏቸው የዚህ ዓይነት ሕንፃዎች እንዲጠናከሩ አዟል።

ተከራዩ ዝም የሚልበት ምክንያት አለው፤ የጥገናው ወጪ በከፊል በኪራይ ላይ ሊጨመር ይችላል። ኪራይ በናረበት ከተማ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እኔ ግን ወጪው የሚከፋፈልበትን መንገድ መከራከር እንጂ ጥያቄውን መተው አይገባም እላለሁ። ብረትና ጣውላ የሚያስከፍለው ዋጋ ይታወቃል፤ የተደረመሰ ቤት የሚያስከፍለው ግን በገንዘብ አይተመንም።

ስለዚህ ተከራይ ሁሉ የቤቱን ባለቤት ወይም የከተማውን የሕንፃ ክፍል ይጠይቅ፤ ሕንፃው መቼ ተሠራ? ተጠናክሯል ወይ? የውኃ ማሞቂያው ከግድግዳው ጋር ታስሯል ወይ? ቋንቋው ለሚከብዳቸው አረጋውያን ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና የማኅበረሰቡ ማኅበር ጥያቄውን ያድርሱላቸው። ለአገር ቤት ወገን ያሳየነውን ያንን አሳቢነት ለራሳችን ጣሪያም ልናውለው ይገባል።