የእንግሊዝ ተጠባባቂ የሚታወቅበት፣ የጎንደር ተሰላፊ የሚረሳበት ከተማ

ቅዳሜ ረፋድ ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥ የሚሰማው ትልቁ ጭቅጭቅ አርሴናል ያሸንፋል ወይስ ይሸነፋል የሚል አይደለም። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው የሚነታረኩት የትኛውን የ4.0 ሚሊዮን ፓውንድ ተከላካይ ተጠባባቂ ማድረግ ይሻላል በሚል ነው። ሰዓቱ ሳይዘጋ ቡድኑ መግባት አለበት።

ጨዋታው ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነው። ለተወዳዳሪው 100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ ይሰጠውና 15 ሰው ይገዛበታል፤ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መውሰድ አይችልም። ሃላንድንና ሳላህን የገዛ ሰው ኪሱ ይራቆትና ጎዶሎውን የሚሞላው ከእናቱና ከጎረቤቱ በቀር ማንም በማያውቀው ርካሽ ተከላካይ ነው። ይህ ተከላካይ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ስንት ቢጫ እንዳየ፣ የትኛው ጉልበቱን እንደሚያመው የማራኪና የአዘዞ ልጅ አሳምሮ ያውቃል።

በዚህ የሚበሳጩ ሰዎች አሉ። "የፈረንጅ ተጠባባቂን ከነሕመሙ የሚያውቅ ልጅ የፋሲል ከነማን ሁለተኛ ግብ ጠባቂ አያውቅም፤ ትውልዱ ራሱን ንቋል" ይላሉ። ወቀሳው ለጆሮ ይጥማል፤ ለመናገርም ምንም አያስከፍልም። ግን ጥፋተኛውን ስቷል። ልጁ የራሱን አልናቀም። የራሱን የሚያውቅበት መዝገብ የሰጠው አካል የለም።

ለማይታወቅ ተጫዋች ፍቅር ያደረበት ሕዝብ የጎንደር ወጣት ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ (በሩቁ ላየው የገናን ዱላ ያስታውሳል፤ ሕጉ ግን ለገና ተጫዋች እንቆቅልሽ ነው) ነገሩ ጥግ ደርሷል። ሄንሪ ቻድዊክ የተባለ ጋዜጠኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእያንዳንዱን ግጥሚያ ውጤት በተጫዋች በተጫዋቹ ከፋፍሎ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ጋዜጣ ላይ አስለመደ። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ስትራት ኦ ማቲክ የሚባል በካርድና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ወጣ፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው የእውነተኛ ተጫዋች የእውነት ቁጥር ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የምናብ ሊግ የሚመሩ ሰዎች በታችኛው ሊግ አንድ ዓመት ብቻ ታይቶ የጠፋን ልጅ ሳይቀር ከመዝገብ አውጥተው ያሰልፋሉ። ይህ የሆነው አሜሪካዊው ተጫዋቹን ከጎንደሬው አብልጦ ስለሚወድ አይደለም። በትንሽ ከተማ ሜዳ ዳር አንድ ሰው እርሳስ ይዞ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። ዳሽን ቢራ የሚባል ክለብ ነበር። በፕሪሚየር ሊጉ የከተማዋን ስም ያስጠራ የነበረ ክለብ በ2008 ዓ.ም ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ከታች ወጣ፤ ከተማውም በአንዱ ሠርግ የሌላውን ቀብር ረሳ። በዚያ የመጨረሻ ዓመት ለዳሽን በቀኝ ተከላካይነት የተጫወተው ማን ነው? ስንት ጨዋታ ተሰለፈ? ከዚያ በኋላ የት ሄደ? የ4.0 ሚሊዮኑን እንግሊዛዊ በሁለት ሴኮንድ የሚያወጣው ስልክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ቁርጥራጭ ነው። ያ ቁርጥራጭም ቢሆን የተገኘው ሶከር ኢትዮጵያን የመሳሰሉ የግል ድረ ገጾች በራሳቸው ድካም ስለሰበሰቡት እንጂ ውድድሩን የሚመራው አካል አስቀምጦት አይደለም።

ይህ እንግዲህ የላይኛው ፎቅ ነው። ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ ወደ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያም ወደ ዞንና ወረዳ ውድድር ሲወርዱ ጨለማው ይበረታል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚያ ስስ አየር 90 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ ሳንባው ብቻ ዜና መሆን ነበረበት። የዳባት ወይም የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ በአንድ ዓመት 20 ጎል ቢያገባ የሚያስታውሰው መረቡን የሰፋው ሰው ነው፤ መረብ ካለ።

ፋሲል ከነማ ራሱ ለደጋፊው የምናብ ቡድን የሆነበት ዘመን አለ። አፄዎቹ የ2013 ዓ.ም ሻምፒዮን ሲሆኑ ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነበር የተካሄደው። ጎንደር ዋንጫውን ያገኘችው በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ግጥሚያ ሳታይ ነው። ደጋፊው ሻምፒዮኑን የተከታተለው ማንቸስተርን በሚከታተልበት በዚያው የዲኤስቲቪ ስክሪን ነው፤ ልዩነቱ ለማንቸስተሩ ተጫዋች ቁጥር ተቀምጦለታል። የአምበሉን የያሬድ ባየህን ስም ሁሉም ያውቃል። አቡበከር ናስር በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን 25 መስበሩም ይታወቃል፤ ሰው ስለቆጠረው ነው። ከጎል አግቢውና ከአምበሉ በታች ያለው ሃያ ሰው ግን የሚኖረው በወሬ ነው።

"የቁጥር ጨዋታ ነው፤ ምን ይፈይዳል?" የሚል ይኖራል። ይህ ሰው የፊፋን ደንብ ቢያይ ጥሩ ነው። አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ይታሰባል። በጎንደር ከ16 እስከ 19 ዓመቱ አራት ዓመት የተጫወተ ልጅ ኋላ በ500,000 ዶላር ወደ ውጭ ቢሸጥ የአሳዳጊው ድርሻ 10,000 ዶላር ነው። በዛሬ ምንዛሪ ከሚሊዮን ብር በላይ። ለአንድ የወረዳ ቡድን ይህ ማለት ኳስ፣ ማሊያ፣ ጫማ፣ የመኪና ኪራይና የአሰልጣኝ አበል ለዓመታት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ክፍያውን የሚያሰላው የፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ ነው። የሚያየውም የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ ነው። የአሰልጣኙን ምስክርነት አይጠይቅም፣ የሰፈሩን ሽማግሌ አይጠራም። ያልተመዘገበ ዓመት ያልነበረ ዓመት ነው።

ልጁ ራሱም ይጎዳል። ክለቡ ሲፈርስ ወይም ደመወዝ ሳይከፍል ሲቀር፣ አዲስ ቡድን ፊት ቀርቦ "ሦስት ዓመት ተጫውቻለሁ" ሲል ማስረጃው የራሱ አፍ ነው። ስለዚህ እንደገና ለሙከራ ይሰለፋል። በ25 ዓመቱ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል፤ የሚያውቀው ሰው ያለው ይቀድመዋል።

መዝገብ የጠፋው በድህነት ብቻ ነው ብሎ ማመንም የዋህነት ነው። መዝገብ ያጋልጣል። ልጁ በ12 ዓመቱ በትምህርት ቤት ውድድር ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ከስምንት ዓመት በኋላ በታዳጊ ቡድን ውስጥ 17 ዓመቱ ሊሆን አይችልም ነበር። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን አንጓ በኤምአርአይ የሚመረምረው ወረቀት በማይታመንበት ዓለም ስለሚኖር ነው። ያለ ቁጥር የሚኖር ሊግ ደግሞ ለደላላ ይመቻል። ተሰላፊው ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ካልታወቀ ዋጋውን የሚተምነው ደላላው ነው። "ጎበዝ ነው፣ እኔን እመን" የሚለው ቃል የአገሪቱ ትልቁ የእግር ኳስ መረጃ ቋት ሆኖ ቆይቷል።

በጀት የለም የሚለው መልስ ደግሞ አያስኬድም። ዳኛ በተመደበበት ውድድር የሁለቱም ቡድን ዝርዝር፣ ቅያሪው፣ ካርዱና ጎሉ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ኮሚሽነር ካለም ሪፖርት ይጽፋል። ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣና አቧራ ይጠጣል። የዞንና የክልል ፌዴሬሽኖች የሚጠየቁት አዲስ ሥርዓት እንዲፈጥሩ አይደለም። ያንን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው በዚያው ቀን በቴሌግራም እንዲለጥፉ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አያጣም፤ አምስት ልጆች በአንድ ሴሚስተር የአንድ ዞንን ውድድር ወደ ሠንጠረዥ ይቀይሩታል። የፋንታሲ ነጥብ በየሳምንቱ በነጻ የሚያሰላ ወጣት በሞላበት ከተማ የሰው ኃይል እጥረት ማውራት ቀልድ ነው።

የጎንደር ከተማ አስተዳደርም በስሙ የሚጠራውን ክለብ ከዚህ ማስጀመር ይችላል፦ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ በፕሪሚየር ሊጉ የፋሲልን ማሊያ የለበሰው ተጫዋች ሁሉ፣ አንድ ደቂቃ የገባውም ጭምር፣ በስም፣ በጨዋታ ብዛትና በዓመት። ቀጥሎም ዳሽን ቢራ። የ2008ቱን ግጥሚያዎች የመሩ ዳኞች፣ ያሠለጠኑና የተጫወቱ ሰዎች ዛሬም ስልክ ሲደወልላቸው ያነሳሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ስንቶቹ እንደሚያነሱ አይታወቅም።