መደባለቅና መበረዝ

አንባቢ ሆይ፣ «ድብልቅ ወይን ጠጅ» ሲባል ውሃ የገባበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ አጠገብ፣ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባል መንደር አለ። ትርጓሜው «አዲሱ የፓፓው ግንብ» ነው፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የሮማ ፓፓዎች በአቪኞን ሲኖሩ ግንብ አሠርተውበት ነበርና። ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ በብዙው እርሻ ላይ የተበተነው ድቡልቡል ድንጋይም ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። በዚህ ሙቀት ግሬናሽ የተባለው የወይን ዐይነት ጣፋጭና ኃይለኛ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን ይሳሳል፣ ቶሎም ያረጃል። ስለዚህ ሲራ ቀለሙን፣ ሙርቬድር ደግሞ ለብዙ ዓመት የሚያቆየውን ጥንካሬ ያውሱታል።

ብርዙ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ነጋዴዎች የሌላ ስፍራ ወይን ጠጅ በዚህ መንደር ስም ይሸጡ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ገበሬዎቹ በባሮን ፒዬር ለ ርዋ መሪነት ተሰብስበው ራሳቸውን በደንብ አሰሩ፤ የእርሻው ወሰን ይታወቅ፣ የተበላሸው ፍሬ ይለይ፣ አልኮሉ ከመቶ 12.5 አይነስ አሉ። በ1936 መንግሥት ስሙን በሕግ ሲያስከብር 13 የወይን ዐይነቶች ተፈቀዱ።

እንግዲህ መደባለቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የደባለቁትን መደበቅ ነው።