ተርቧና ሁለቱ ጢንዚዞች

ባሕር ዛፍ ከትውልድ አገሩ ከአውስትራሊያ ወጥቶ በዓለም ሲሰራጭ በአብዛኛው የተጓዘው በዘርነት ስለነበር፣ እዚያ ሲበሉትና ሲቦረቡሩት የኖሩት ነፍሳት ወዲያው አልተከተሉትም። በሄደበት አገር ሁሉ ፈጥኖ ለማደጉ አንዱ ምክንያት ይኸው ከጠላቶቹ መለየቱ ነው፤ ዕረፍቱ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም።

በደቡባዊ ካሊፎርኒያ በ1984 እ.ኤ.አ. ፎራካንታ ሴሚፑንክታታ የተባለ ግንድ ሰርሳሪ ጢንዚዛ ተገኘ። ሴቷ ጢንዚዛ በላላ ቅርፊት ሥር እንቁላሎቿን አከማችታ ትጥላለች፤ ከእነርሱ የሚፈለፈሉት እጮች፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጡት ትል መሰል ልጆቿ፣ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ሕያው ንጣፍ እየበሉ ሲዞሩ በቅጠሉ የተዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርድበት መንገድ ይቆረጥና ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ቅርፊት የጋረደውን እጭ ደግሞ የመርዝ ርጭት በቀላሉ አያገኘውም።

ስለዚህ መፍትሔው ከጢንዚዛው የጥንት ጠላቶች መካከል ተፈለገ። አቬቲያኔላ ሎንጎይ የምትባለው ተርብ ቁመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እንቁላሏን የምትጥለው በጢንዚዛው ትኩስ እንቁላል ውስጥ ነው፤ ልጆቿም ውስጡን በልተው ሲያድጉ ጢንዚዛው ግንዱን ሳይነካ ገና በእንቁላልነቱ ያልቃል። ጥገኛ ብትባልም አስተናጋጇን አቆይታ ከምትመጠምጠው መዥገር የምትለየው በዚህ ነው፤ የእርሷ ልጆች የሚኖሩት አስተናጋጃቸውን ገድለው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከተለቀቀች በኋላ በአንዳንድ ሥፍራዎች ከጢንዚዛው እንቁላሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን አጥቅታለች።

ድሉ ሳይደላደል ግን በ1995 እ.ኤ.አ. ፎራካንታ ሬኩርቫ የተባለ የቅርብ ዘመድ ተገኘ። ይህኛው ቀዳሚውን እጅግ ቢመስልም፣ እንቁላሉ በውስጡ የተጣለበትን ባዕድ እንቁላል በመከላከያ ሕዋሳት ከብቦ አብዛኛውን ጊዜ ያፍነዋል። ተርቧ የመጀመሪያውን ጢንዚዛ ስታመናምን የሁለተኛው ቁጥር ከፍ አለ፤ ለዓይን ጥቂት የሚመስለው የዝርያ ልዩነት መድኃኒቱ በሚሠራበትና በማይሠራበት መካከል ያለ ድንበር ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የማገዶውንና የቤት መሥሪያውን ችግር አቃሏል፤ በደጋው በብዛት የሚተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ የእነዚህ ጢንዚዞች ጥቃት ከሚበረታባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። ይህን ያህል ኑሮ በአንድ መጤ ዛፍ ላይ የጣለ አገር ችግኝ የሚቆጥሩ ባለሙያዎችን ብቻ ሳይሆን፣ አንዱን ጢንዚዛ ከሌላው የሚለዩ የነፍሳት ሊቃውንትንም አስቀድሞ ማፍራት ይገባዋል፤ ጠላቱን በስሙ ያላወቀ የጠላቱን ጠላት ሊመርጥ አይችልምና።

ከተርቧ በፊት የሚመጣ መከላከያም አለ። ጢንዚዛው የሚበረታው ውኃ በተጠማ ዛፍ ላይና ገና በተቆረጠ ግንድ ላይ ሲሆን፣ በቂ ውኃ ያገኘ ዛፍ ግን ቅርፊቱን ሰርስረው ሊገቡ የሚሞክሩትን ትናንሽ እጮች በእርጥበቱ ይገድላቸዋል። እንግዲህ መሬቱ ከሚችለው በላይ አጠጋግቶ የሚተክል፣ የቆረጠውንም ግንድ ከነቅርፊቱ በደኑ ዳር የሚያከማች፣ ለጢንዚዛው ማደሪያውን በገዛ እጁ ያሰናዳለታል፤ ያን ስሕተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ተርብ ታርመው ዘንድ መጠበቅ ደግሞ ከአቅሟ በላይ መጫን ነው።